ስድስት ጥርስ

ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆጣሪዋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ ደህና ነው ወይ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ የምትገቢበትንም የምትወጪበትንም በር ይጠብቅልሽ።

ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ እንደነገረችሽ እናትሽን መስከረም መጨረሻ ላይ ስትሮክ መታት። ቁልፍ መቅረጫ ሱቃችን ውስጥ፣ ባንኮኒው ጋ ቆማ እያለች ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙላትም። ትሰማለች፣ ይገባታል፤ ንግግር ግን የላትም። ከሆስፒታል ወጥታ አሁን እኔ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ክፍል ተኝታለች። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይሻላታል ይላል። ቀስ ማለት ስንት ወር እንደሆነ አልነገረኝም።

ለምን በደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። አርባ ዓመት ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን አጠገብ ቆሜ ስልክ የምሰማበት ጆሮ አልተረፈኝም። ደግሞም ያ ሌባ ባለፈው ሚያዝያ የእናትሽን ስልክ «አንዴ ልደውልበት» ብሎ ተውሶ፣ በእሷ ስም ጽፎልሽ፣ አንቺም እናቴ ናት ብለሽ የሚስጥር ቁጥሩን ሰጥተሽው አካውንትሽን ከወሰደብሽ ወዲህ በስልክ የሚጻፍ ነገር አላምንም። የእጅ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። ይህም አይበቃኝም፤ በየደብዳቤዬ መጨረሻ አንድ ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። መልሱን መጀመሪያው መስመር ላይ ካላየሁ ቀሪውን አላነብም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከዚያ ወዲያ የላክሽላት አዲሱ ስልክ ተቆልፏል። እናትሽ በግራ እጇ እያነሳች ትሰጠኛለች። መልሼ አስቀምጥላታለሁ። ደግማ ትሰጠኛለች። የምትፈልገው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። በአሻራ እንዳይከፈት የጣቶቿን አሻራ ሞረድና የብረት ብናኝ ከጨረሰው ቆይቷል። ፊቷን አይቶ ይከፈታል ብለሻት ነበር፤ አሁን ፊቷ በአንድ በኩል ወርዷል፣ ስልኩ አላወቃትም። ቁጥሩን ራሷ እንድትነካ ስናቀርብላት ጣቷ አየር ላይ ይቆማል። ጠፍቶባታል። ፋርማሲስቷ የልደት ቀን ምናምን እያለች አራት ጊዜ ሞከረች፤ አልሆነም። ስድስት አኃዝ ነው። አሥር ጊዜ ከተሳሳትን ውስጡ ያለው ሁሉ እንዲጠፋ አንቺው አድርገሽ እንደላክሽው ነገረችኝ።

ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?

ጥያቄ፦ የሱቁ ወንበር ስንት እግር ነበረው?

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ ሞረድ፤

ሦስት። በአራተኛው ቦታ የዘይት ቆርቆሮ ነበር።

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ፈጣሪ ለእርስዎ ጉልበት፣ ለእማዬ ምሕረት ይስጥልኝ። ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ቁጥሩን አላውቀውም። «ማንም የማያውቀው ቁጥር አድርጊ፤ ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም ቢሆን» ብያት ነበር። የነገርኳትን እንዳለ ስትፈጽም ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይሞክሩልኝ፦ የድሮውን የሱቅ ስልክ መጨረሻ፣ አባቴ ያረፈበትን ቀን፣ እኔ ከቤት የወጣሁበትን ቀን። በሌላ ወረቀት ጽፌያቸዋለሁ።

እንዲጠፋብን የማልፈልገው ፎቶዎቹን ነው። ሌላ ግልባጭ የላቸውም።

በሥራዬ ሆቴሉ የሦስት ፎቅ ኃላፊ አድርጎኛል። ጠዋት ፈርሜ አንድ ካርድ እቀበላለሁ፤ ሰማንያ አራት ክፍል በእሱ ይከፈታል። በር ላይ ጠጋ ማድረግ ብቻ ነው። ጋሼ ቢያዩት ይስቁ ነበር፤ አንድም ጥርስ የለውም።

እማዬን ይሳሙልኝ። ከሌባው ጉዳይ ወዲህ ብዙም አልተነጋገርንም ነበር።

አክባሪዎ


ኅዳር 24

ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ መልስሽም ልክ ነው። ጤና፣ ሰላምና መልካም አለቃ ይስጥሽ። እናትሽ ከአልጋው ጠርዝ ተደግፋ መቀመጥ ጀምራለች። ሾርባ በግራ እጇ ትጠጣለች፤ ግማሹን ለፎጣው ታካፍላለች።

ሦስቱን ቁጥሮች ሞከርኳቸው። አልተከፈተም። እንዴት እንደሞከርኩ ልንገርሽ፦ ባለቤቱ ያልቆመበትን በር ከፍቼ አላውቅም፤ ስልክም ቢሆን ያው ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በትልቁ ጽፌ አሳየኋት። ግራ እጇን ስታነሳ አስገባሁ። ምስኪን ለሁሉም አነሳች።

ስምንተኛውን ከራሴ አመጣሁ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ በሱቃችን ደንበኛን በስሙ አንጠራም ነበር። ቁልፉን አይተን የጥርሶቹን ጥልቀት እንቆጥራለን፤ አንድ ስስ ነው፣ አምስት ጥልቅ። «ሁለት ሁለት አምስት መጣ» ስትል እናትሽ ጫማ ሰፊው መምጣቱ ነው። እና ስድስት አኃዝ ሲባል ስድስት ጥርስ አሰብኩ። የሱቁን በር ቁልፍ ቁጥር አስገባሁ። አልሆነም። ሁለት ሙከራ ቀረን፤ ከእንግዲህ በግምት አልነካውም።

ፋርማሲስቷ አንድ ነገር ነገረችኝ። የተቆለፈ ስልክም ቢሆን ሲደወልለት ያለ ቁጥር ይነሳል። ስለዚህ ቻርጅ አድርገን ትራሷ አጠገብ አኑረነዋል። እስካሁን አልጮኸም።

ጥያቄ፦ የሱቁ ድመት ማን ትባል ነበር?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጓጉንቸር። የያዘችውን ስለማትለቅ።

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ ነበር።

ስለ ፎቶዎቹ ብዙ አይጨነቁ። ዋናው ነገር የእማዬ የሐኪም ቀጠሮና የመድኃኒቷ ዝርዝር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ለሕክምናዋም ያስፈልጋል። ስለዚህ ቢከፈት ጥሩ ነው።

«ስድስት ጥርስ» ያሉትን ሳነብ ከሆቴሉ አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ወንበር ላይ ተነሳሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ለክፍሌ የራሴ ቁልፍ ይኑረኝ ብዬ አስቸገርኳት። እርስዎ ለሥራ ወጥተው ስለነበር እማዬ ራሷ ማሽኑ ላይ ቆማ ቀረጸችልኝ። ሌላ ተመሳሳይ እንዳትሠራለት አስማልኳት። አልሠራችም። ወደዚህ ሰው አገር ስመጣ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ዘጠኝ ዓመቱ። ውስጡ አልጋና የትምህርት ቤት ደብተር ብቻ ነው ያለው።

ቁልፉ ከኪሴ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስድስት ጥርስ አለው። እንደ ድሮው ቆጠርኩት፦ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሁለት፣ አራት።

ይሞክሩልኝ። እባክዎ።

አክባሪዎ


ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆጣሪዋ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ከርመናል። እናትሽ በክራንች ከአልጋ እስከ መስኮት ሄዳለች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ እንደ አሸናፊ አየችኝ።

ቁጥሩን አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችው። እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደች፣ ደግማ አነሳች። እኔ ቸኮልኩና አስገባሁት። አልተከፈተም። አንድ ቀረ።

ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ቁልፍ የሚቆጠረው ከእጀታው ወደ ጫፉ ነው። አንቺ ደግሞ ያደግሽው ከባንኮኒው ማዶ፣ በደንበኛ በኩል፣ ቆርቆሮ በደገፈው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነው። እናትሽ የምትይዘውን ቁልፍ ሁሉ ከጫፉ ጀምረሽ ነበር የምታዪው። ቆጣሪዋ ብለን ስም ስናወጣልሽ ከየት በኩል እንደምትቆጥሪ ማናችንም አልጠየቅንም። እኔም ይህን ያሰብኩት ካስገባሁት በኋላ ነው።

ገልብጬ ልሞክረው አልኩ። እጄ እምቢ አለ። ሦስትና አራት በዓይን ይምታታሉ፤ ልዩነታቸው የወረቀት ውፍረት ነው። አንቺም ጥርስ መቁጠር ካቆምሽ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድመሽ፣ እርሳስ በደንብ ቀርጸሽ፣ ዙሪያውን ሥለሽ ላኪልኝ። በፋርማሲስቷ ስልክ ፎቶውን ልላክ እንዳትይ። የቁልፉን ፎቶ በስልክ የሚልክ ሰው በሩንም ነቅሎ ቢልክ ድካም ይቀንስለታል።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ፎቶ አልሽ። ቀጥሎ መድኃኒት አልሽ። የመድኃኒቱ ዝርዝር ፋርማሲስቷ ጋ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ሁልጊዜ በየወሩ የምትሰጣት እሷ ናት። «ቁልፌ ጠፋብኝ፣ ቤቴን ክፈትልኝ» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ከውስጥ የሚያወጣውን ዕቃ ስም ሲለዋውጥ መሣሪያዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። የእህቴ ልጅ ስለሆንሽ አልሰበሰብኩም። ስልኩም እስካሁን አልጮኸም።

ጥያቄ፦ እናትሽ ቁልፍ ቀርጻ ስትጨርስ ምን ታደርግ ነበር?

አጎትሽ


የካቲት 3

ለተከበሩ አጎቴ፤

ዓይኗን ጨፍና ጥርሶቹን በአውራ ጣቷ ትዳስስ ነበር። ከእጀታው ወደ ጫፉ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ነው ለደንበኛው የምትሰጠው። ከየት በኩል እንደሚቆጠር ይህን እያየሁ አለማወቄ ይገርመኛል።

ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ። ሦስት ጊዜ ሥዬ የተሻለውን መርጫለሁ፤ ሁለቱን አቃጥያለሁ።

ያሉኝን አስቤበታለሁ። ሲከፈት የሚያዩትን ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

እርስዎንም እማዬንም ፈጣሪ ያቆይልኝ።

አክባሪዎ


የካቲት 27

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሥዕሉ በደህና ደረሰ። አጉሊ መነጽር ይዤ ቆጠርኩት፦ አራት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት። ቁጥሩ እጄ ገባ፤ ስልኩ ፊቴ ነው። ግን የላክሽውን መልስ ደግሜ አነበብኩት፤ ስለ አውራ ጣቷ የጻፍሽውን። ስልኩን ትቼ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

በሥራ ዘመኔ በወረቀት ላይ በተሣለ ቁልፍ ሌላ ቁልፍ ቀርጬ አላውቅም። እምቢ ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች ቢሰለፉ መንገድ ይዘጋሉ። ያን ቀን ቀረጽኩ። ቤት ተመልሼ ቁልፉን በግራ እጇ አስያዝኳት፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

እንደ ድሮዋ ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷን ከእጀታው ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ አሳለፈች። ሁለተኛው ላይ መሃል ስትደርስ ቆመችና ቁልፉን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ታውቂዋለሽ፤ ማሽኑን አበላሽቼ ስትደርስብኝ የምታየኝ ዓይነት ነው። ከዚያ ስልኩን እንዳቀርብላት በአገጯ አመለከተችኝ።

አራት። ሁለት። አምስት። እዚህ ላይ ሦስትን መንካት ነበረባት፤ እሷ አራትን ነካች። ልይዛት እጄን ሰነዘርኩ፤ በክርኗ ገፋችኝ። አንድ። ሦስት።

ተከፈተ።

እርሳስሽ ወፍራም ነበር፤ ወይም መነጽሬ አርጅቷል። እኔ ባስገባው ኖሮ አሥረኛው ይሆንና ሁሉም ይጠፋ ነበር። ተሳስቼ የቀረጽኩትን ቁልፍ ዳስሳ ልኩን ያወቀችው የቀረጸችው እሷ ስለሆነች ነው።

አሁን ያየሁትን ልጻፍልሽ። ፎቶዎቹን አላየችም። ድምፅም የተቀዳ ነገር የለም። በቀጥታ የደወለችባቸው ቁጥሮች የተመዘገቡበትን ከፈተችና ፊቴ ላይ አስጠጋችው። እስካነበው ድረስ አላወረደችውም። ስትሰጠኝ የከረመችው ይህን እንዳይ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያንቺ። ፋርማሲስቷ ቆጠረችው። ስድሳ አንድ ጊዜ ደውላለች። አንዱም አልተነሳም። የመጨረሻው የታመመችበት ቀን ጠዋት ነው።

እኔ ደግሞ እነዚያን ወራት ሁሉ «ልጅሽን አኮረፍሻት እንዴ? ደውይላት እንጂ» እያልኩ ስነዘንዛት ነበር። ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት። እሷም ማሽኑን ታስነሳብኝ ነበር።

ሥዕልሽን አቃጥዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለምን አላነሳሽም? የዚህን መልስ እኔም ስለማላውቀው ማንነትሽን አላረጋግጥበትም። ቢሆንም ጠይቄሻለሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

ስላልደረሰኝ ነው። ያልደረሰኝ ደግሞ ስለዘጋሁት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ሌባው በእሷ ቁጥር እንደጻፈልኝ ባወቅሁ ጊዜ፣ በሆቴሉ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ጥሪዋ እንዳይደርሰኝ ቁጥሯን ዘጋሁት። አንድ ቦታ መንካት ብቻ ነው። ለጊዜው ነበር። ከዚያ በጎረቤት ስልክ አስጠርቼ «ስልክሽ የማንም መጫወቻ ነው፤ እኔን ያስዘረፍሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። የሚስጥር ቁጥሩን ለሌባው የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለእሷም ለእርስዎም በደንብ ተናግሬ አላውቅም።

አዲሱን ስልክ ላክሁላት፤ የምትደውልበት ቁጥር ግን ያው የድሮው ነበር። አሥር ጊዜ ሲሳሳቱ የሚጠፋውን ነገር እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ እንደ ቅጣትም ነበር መሰለኝ። ደርሷት እስክትደውል ጠበቅሁ። አልደወለችም። አኮረፈች ብዬ እኔም አኮረፍኩ። መዝጋቴን ረስቼው ነበር። ፋርማሲስቷ መታመሟን ስትነግረኝ ልደውል ስልኬን ሳነሳ ከስሟ አጠገብ የመዝጊያውን ምልክት አየሁት። ያን ጊዜ ከፈትኩት። መደወል ግን አልቻልኩም።

ፎቶም መድኃኒትም አልነበረም የፈለግሁት። ስንት ጊዜ እንደደወለች ማወቅ ነበር። አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ሰው ይረሳዋል ብዬ ነበር። ስድሳ አንድ አላሰብኩም።

እሁድ ከሰዓት እረፍት ነኝ፤ እደውላለሁ። ይህ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ነው የሚደርስዎ። መልስ ልትሰጠኝ ስለማትችል እኔ እናገራለሁ።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 28

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ቃል በቃል ነው የምልሽ፤ ደህና ነን።

እንዳልሽው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከደወልሽ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ በፊት የሰማችው እሷ ናት፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ሲጮህ አልሰማሁም፤ ስልኩ ትራሱ ላይ ሲበራ አየሁ። ስምሽን አየችው። ወዲያው አላነሳችውም። ሊጠፋ ሲል አነሳችው። ሦስት ቁልፍ የሚቀረጽበትን ጊዜ ያህል ጆሮዋ ላይ ያዘችው። ምን እንዳልሽ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ስትጨርሱ ስልኩን በብርድ ልብሱ ጠርዝ ጠረገችው፤ ማሽኑን ከሥራ በኋላ እንደምትጠርገው አድርጋ። በማግሥቱ ሾርባዋን ጨርሳ ሳህኑን መለሰችልኝ። በየእሁዱ ያን ሰዓት ሲደርስ ፀጉሯን እንዳበጥርላት ማበጠሪያውን ታቀብለኛለች።

አንድ ዜና አለኝ። ፋርማሲስቷ መጥታ አሥር ጊዜ የሚለውን ነገር አጠፋችው። የቁልፉ ቁጥር በደብዳቤ ስለተጻፈ ሌላ አዲስ ቁጥር እናድርግላት አልኩ። ፋርማሲስቷም ተስማማች። ስልክ ያለ ቁልፍ ማኖር ቤትን ከፍቶ እንደመሄድ ነው እያልኩ፣ ስለ ሌባው፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ዘመኑ ብዙ ተናገርኩ። እናትሽ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አፏን በግድ ሰብስባ፣

«እምቢ» አለች።

በሰባት ወር የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ሐኪሙ ሲሰማ ደስ አለው፤ እኔ ለጊዜው ተናድጄ ነበር። ፋርማሲስቷ የድሮውንም ቁጥር አጠፋችላት፤ ስልኩ አሁን ያለ ቁልፍ ነው። ግን ለማንም አታውስም። ባለፈው ማክሰኞ ሰዓት ለማየት ብዬ ባነሳው እንኳ እጄን መታችኝ።

የቀረጽኩትን ቁልፍ ከአልጋዋ ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ያንቺን ክፍል በር አይከፍትም፤ አራተኛው ጥርስ ተሳስቷል። ሞረድ አንድ ጊዜ ባሳርፍበት ይስተካከላል። አላሳረፍኩም። ባለቤቱ ያልቆመበት በር ነው፤ ልኩም ቁልፍ አንቺ ጋ ነው።

በሩን ባለፈው ሳምንት ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ማጠፊያውን ከውጭ በኩል።

ጥያቄ የለኝም።

አጎትሽ